ሳይቃጠል በቅጠል፦ የትራክተር ጌጅ ታሪክና የማኅበራት ሒሳብ

እንደሚታወቀው በራያ ቆቦ ሜዳ የማሽላ ዘር ቀጠሮ አይሰጥም። ደጋሊትና ጅጉርቲን የመሳሰሉት ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚወስዱ የአካባቢው ማሽላዎች በበልጉ ዝናብ፣ በሚያዝያ ግድም መዘራት አለባቸው። ዝናቡ ያረጠበው መሬት እርጥበቱን ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት አንድ ትራክተር ቢቆም የሚቆመው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ወረፋ የያዙት ገበሬዎች እርሻ ጭምር ነው።

ሞተር ሲቃጠል “አርጅቶ ነው” ማለት ተለምዷል። ይሁንና አብዛኛው ሞተር ከመቃጠሉ አስቀድሞ በዳሽቦርዱ ላይ ባሉት ትናንሽ ጌጆች አማካይነት ይናገራል። ጌጁ ከሞተ ግን ሞተሩ ቢናገርም የሚሰማው የለም። በመሆኑም የትራክተር ታሪክ ሲነሳ የጌጁም ታሪክ አብሮ ሊነሳ ይገባል።

ትራክተር ወደ ኢትዮጵያ እርሻ

በአገራችን ትራክተር በስፋት መታየት የጀመረው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ በአርሲ፣ በአዋሽ ሸለቆና በሰቲት ሁመራ ነበር። በተለይ በአርሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በሚሠራበት አካባቢ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቅለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ትላልቅ የንግድ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እገዛ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ቤላሩስ ትራክተር መገጣጠም ጀመረ።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ከአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አብዛኞቹ ፈረሱ። የሶቪየት ኅብረት መበተንም የቤላሩስ ትራክተር መለዋወጫ የሚመጣበትን የቀድሞ መንገድ አናጋ። ያም ሆኖ አሮጌ ማሴይ ፈርጉሰንና ቤላሩስ ትራክተሮች ከባለቤት ባለቤት እየተላለፉ መሥራታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ባለ ሁለት ጎማ ትናንሽ ትራክተሮች በፕሮጀክቶች አማካይነት ለአነስተኛ ገበሬዎች መተዋወቅ ጀመሩ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ወሰነ። ይህ ሁሉ ቢሆንም አዲስ ትራክተር መግዛት ለብዙ ማኅበራት አሁንም ከባድ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ ንብረት ላጣው የራያ ቆቦ ገበሬ ደግሞ ያለውን ጠግኖ መጠቀም የግድ ሆኗል።

ጌጁ ከየት መጣ

የፈረንሳዩ መሐንዲስ ዩጂን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብት ያገኘበት የግፊት መለኪያ ዛሬም በብዙ አሮጌ ትራክተሮች የዘይት ጌጅ ውስጥ ይሠራል። በውስጡ ያለችው የተጠማዘዘች የብረት ቱቦ ግፊት ሲገባባት ለመቃናት ትሞክራለች፤ ይህም እንቅስቃሴ ቀስቱን ይገፋል። ባትሪም ሆነ ሽቦ አያስፈልጋትም።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈርጉሰን 35 ትራክተር ሲወጣ “ትራክተርሜትር” የተባለ መሣሪያ ተገጠመለት። ይህ መሣሪያ የሞተሩን ዙር፣ ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር የሚሞላበትን ምልክትና የሥራ ሰዓቱን በአንድ ፊት ያሳያል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ባለትራክተሩ ዘይት የሚቀየርበትን ቀን በግምት ሳይሆን በሰዓት ማወቅ ቻለ።

በአነስተኛ ወጪ መተካት

ሰው ከሚያስበው በተቃራኒ ቀስቱ የቆመ ጌጅ ሁልጊዜ የተበላሸ ጌጅ አይደለም። ልምድ ያለው መካኒክ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ፊዩዙን፣ ሽቦውንና የሻሲ መስመሩን ያያል። ሁለት የኤሌክትሪክ ጌጆች በአንድ ጊዜ ከሞቱ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በጋራ መስመራቸው ላይ ነው። አንዱ ብቻ ከሞተ ቁልፉ ተከፍቶ ከሴንሰሩ ላይ ሽቦው ይነቀልና ለአፍታ የሞተሩን ብረት ይነካል። ቀስቱ ወደ አንዱ ጫፍ ከሄደ ጌጁ ደኅና ነው፤ መተካት ያለበት ሴንሰሩ ነው።

ጌጁ ራሱ የሚተካ ከሆነ የግድ የፋብሪካው ዕቃ መሆን የለበትም። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከአሮጌ መኪና የወጣ ጌጅም ሊያገለግል ይችላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ጌጁና ሴንሰሩ ስምም መሆናቸው ላይ ነው። በብዙ የአሜሪካ ጌጆች የሴንሰሩ መጠን ከ240 እስከ 33 ኦም ሲሆን በብዙ የአውሮፓ ጌጆች ደግሞ ከ10 እስከ 180 ኦም ነው። ሁለቱ ከተደበላለቁ ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፣ የሚናገረው ግን ውሸት ነው። ውሸታም ጌጅ ደግሞ ከሞተው ይብሳል።

ባለ ቀጭን ቱቦ የሙቀት ጌጅ ቱቦው ከተቆረጠ አይበየድም፤ ከነቱቦው ይተካል። አዲሱ ሲገጠም ቱቦው ሳይሰበር በሰፊው ተጠቅልሎ ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ትራክተርሜትሩ ከቆመም አስቀድሞ የሚፈተሸው የሚያዞረው ገመድ ነው። ብዙ ጊዜ የተበጠሰው እርሱ ሆኖ ስለሚገኝ በዋጋው ከመሣሪያው እጅግ ባነሰ ገንዘብ ይድናል።

የቆቦም አየር የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክፍት ውኃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን በደንብ ካልገጠመ ውኃው ቶሎ ፈልቶ ያልቃል፤ ከዚያም ቴስታታው ይጣመማል። የሙቀት ጌጁ የሚያስፈልገው ይህ ከመድረሱ በፊት ነው። ብዙ ጌጅ የሌላቸው ባለ አንድ ሲሊንደር ትናንሽ ትራክተሮችም ቢሆኑ የራሳቸው ምልክት አላቸው። በክፍት የውኃ ጋን በሚቀዘቅዙት ላይ ውኃው መፍላቱ ያለ ነው፤ የሚያሰጋው ማለቁ ነው። ስለዚህ የውኃውን መጠን የሚያሳየው ተንሳፋፊና የዘይት መኖርን የሚያመለክተው ቀይ ምልክት እንደ ጌጅ መታየት ይኖርባቸዋል።

ሰዓቱ የአባላት ሒሳብ ነው

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 እና በ2009 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 985 የማኅበራት ሒሳብ እንዲመረመር ያዝዛሉ። የማኅበር ትራክተር በሰዓት ሲከራይ የመጀመሪያው የሒሳብ ሰነድ ሰዓት ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው ሲሞት የተሠራው ሰዓት የሚታወቀው በሾፌሩ ቃል ብቻ ይሆናል። ሾፌሩ ታማኝ ቢሆን እንኳ ከሐሜት አይድንም።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታይ ጉዳይ አለ። የድሮው ሜካኒካል ቆጣሪ የሚቆጥረው የሞተሩን ዙር ነው። ለምሳሌ በ1,500 ዙር አንድ ሰዓት እንዲቆጥር የተሠራ ከሆነ በ750 ዙር ቆሞ ሲያንኳኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመዘግበው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ርካሹ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ግን ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ሙሉ ሰዓት ይቆጥራል። ቆጣሪው ሲቀየር የኪራይ ዋጋው ሳይታይ ከቀረ ገበሬው ለቆመ ሞተር ይከፍላል። ስለዚህ አዲሱ ቆጣሪ የዘይት ግፊት ሲኖር ብቻ በሚሠራ ማብሪያ በኩል ቢገናኝ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ቢረሳ እንኳ አይቆጥርም። የድሮው ንባብና አዲሱ የተገጠመበት ቀን በመዝገብ ይስፈር፤ ለውጡም ለአባላት በጉባኤ ይነገር።

ትራክተር በአርሲ ጭሰኛውን ያፈናቀለው ባለቤቱ ሌላ ስለነበረ ነው። ዛሬ ባለቤቱ ራሱ ገበሬው በሆነበት ማኅበር የእያንዳንዱ ሰዓት ሥራ የአባላት ሀብት ነው። ያንን ሀብት የምትጠብቀው ደግሞ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ስትነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ዋጋ ያላት ቀስት ናት። ሚያዝያ ሳይደርስ፣ ትራክተሩ ከመጠለያው ሳይወጣ ዳሽቦርዱን ማየት ተገቢ ነው። አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉትም ለዚህ ነው።