የግል ኮምፒዩተር ጥበቃና የዋስትናው ወሰን፤ ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ኮምፒዩተር በገባባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች የፈተና ውጤት፣ የመምህራን የአገልግሎት መዝገብና ልዩ ልዩ የትምህርት ማስረጃ በማሽኑ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ይህ መዝገብ ቢጠፋ ወይም በሌላ ሰው እጅ ቢለወጥ የሚጎዳው ዓመታት የደከመው ተማሪ ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ጥበቃ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥበቃው እንዴት እያደገ እንደመጣና ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ በታሪክ ቅደም ተከተል መርምሮ፣ ለማስተማር ሥራ የሚጠቅመውን ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የይለፍ ቃል አጀማመር

የይለፍ ቃል በኮምፒዩተር ላይ መሥራት የጀመረው የግል ኮምፒዩተር ገና ባልታሰበበት ዘመን ነው። በ1961 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በፌርናንዶ ኮርባቶ መሪነት አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግልበት ሥርዓት ተሠራ። የአንዱ ተመራማሪ ሥራ ከሌላው እንዲለይ፣ የተመደበለትም ሰዓት እንዲታወቅ ለእያንዳንዱ የይለፍ ቃል ተሰጠው። ዳሩ ግን በ1962 አላን ሸር የተባለ ተመራማሪ የተፈቀደለት ሰዓት ስላልበቃው፣ የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ የተመዘገቡበት ፋይል እንዲታተምለት በተበሳ ካርድ ትእዛዝ ሰጠ፤ ማሽኑም ያለ አንዳች ጥያቄ አተመለት። ቁልፉ አልተሰበረም፤ ቁልፎቹ የተቀመጡበት ቦታ ግን ክፍት ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተገኘው መፍትሔ የይለፍ ቃሉን እንዳለ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል የሒሳብ ስሌት ለውጦ ማስቀመጥ ሆነ። ፋይሉ ቢሰረቅም ሌባው ቃሉን በቀጥታ ሊያነበው አይችልም። ይሁን እንጂ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በ1979 ባሳተሙት ጥናት 3,289 የይለፍ ቃሎችን መርምረው፣ ከመቶ 86 ያህሉ በግምት በቀላሉ የሚደረስባቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ብዙዎቹ ከስድስት የማይበልጡ ፊደላት ወይም ከመዝገበ ቃላት የተወሰዱ ቃላት ነበሩ። ስሌቱ ቢጠነክርም የሰዎች ምርጫ እንደቀድሞው ደካማ ነበር።

የግል ኮምፒዩተርና ቫይረስ

በ1981 የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ለገበያ ሲቀርብ በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ሃያ ዓመት የተደከመበት ጥበቃ አብሮት አልመጣም። ማሽኑ አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲሠራበት የታሰበ ስለነበረ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የገባበት ማንኛውም ፕሮግራም በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ሊያነብና ሊደመስስ ይችል ነበር። አደጋውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። በ1982 አንድ የ15 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ለአፕል ኮምፒዩተር የጻፈው ፕሮግራም ከዲስክ ወደ ዲስክ እየተባዛ ተሰራጨ። በ1986 ደግሞ በፓኪስታን በላሆር ከተማ የተጻፈው ብሬይን የተባለው ቫይረስ የጸሐፊዎቹን ስምና አድራሻ እንደያዘ ከአገር አገር ተሻገረ።

በዚህ ጊዜ ቫይረስን የሚያድኑ ፕሮግራሞች መሸጥ ጀመሩ። ነገር ግን ፍሬድ ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ቫይረስን ሁሉ ከቶ ሳይሳሳት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል አስቀድሞ በ1984 አስረድቶ ነበር። የማስረጃው ሐሳብ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ መርማሪ ፕሮግራም አለ እንበል። ሌላ ፕሮግራም ስለ ራሱ መርማሪውን ይጠይቃል፤ «ንጹሕ ነህ» ሲባል ይባዛል፤ «ቫይረስ ነህ» ሲባል ምንም ሳይሠራ ይቀመጣል። ስለዚህ መርማሪው የትኛውንም መልስ ቢሰጥ ይሳሳታል። በዚያው ዓመት ቶምፕሰን ባሳተመው ንግግር፣ የተጻፈን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ በሚለውጠው ተርጓሚ ውስጥ ተንኮል ቢደበቅ፣ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በማንበብ እንኳ ሊገኝ እንደማይችል አሳየ። የጥበቃ ወሰን ከባለሙያው ስንፍና ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ከነገሩ ጠባይም የሚመነጭ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

መረብና እምነት

ኮምፒዩተሮች በመረብ ሲያያዙ የአንዱ ጉድለት የሁሉም ሆነ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 በኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በዚያን ጊዜ ከነበሩት 60,000 ገደማ ኮምፒዩተሮች 6,000 ያህሉን እንዳወከ ተገመተ። ፕሮግራሙ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ቀላል የይለፍ ቃሎችን መገመት ነበር። የለቀቀውም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስለ ይለፍ ቃል ድክመት የጻፉት የሮበርት ሞሪስ ልጅ ነው። አባትየው ችግሩን አጥንተው ለሕዝብ ያስታወቁት ቢሆንም፣ ተጠቃሚው ልማዱን ስላልለወጠ ያው በር ለልጃቸው ክፍት ሆኖ ቆየው።

ከዚያ በኋላ የደረሱት ጥፋቶች ከማሽኑ ይልቅ የሰውን እምነትና ቸልተኝነት የሚነኩ ሆኑ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2000 ከፊሊፒንስ የተነሣው ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ከሚያውቁት ሰው ስም ስለሚደርስ፣ በብዙ አገር ሰዎች በገዛ እጃቸው ከፈቱት። በፊሊፒንስ አድራጎቱን የሚከለክል ሕግ ገና ስላልነበረ በወንጀል የተቀጣ ሰው አልተገኘም። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የወጣው በ2008 ዓ.ም. በራሳችን አቆጣጠር ነው።

በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይሎችን እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ አገርም የሆስፒታሎችን ሥራ አስተጓጎለ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ሁለት ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት ወር ተሰጥቶ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት «ማሻሻያውን በጊዜው ጫን» የሚል ነው። ይሁን እንጂ በ2020 ሶላርዊንድስ የተባለው ድርጅት ለደንበኞቹ የላከው ማሻሻያ ራሱ በሰርጎ ገቦች ተበክሎ ወደ 18,000 ለሚጠጉ ደርሶ ተገኘ። ቶምፕሰን ከ36 ዓመት በፊት ያመለከተው ሥጋት፣ ማለት ከታመነ እጅ የሚመጣ ጉዳት፣ በገሐድ ታየ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች ሊወገዱ ይገባል። የመጀመሪያው «መከላከያ ፕሮግራም ከተገዛ በቂ ነው» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ፍጹም ዋስትና ከሌለ መድከም ከንቱ ነው» የሚለው ነው። አንደኛውን የኮኸን ማስረጃ ይሽረዋል። ሁለተኛውን ደግሞ ታሪኩ ራሱ አይደግፈውም፤ በ1988ም ሆነ በ2017 ከደረሰው ጉዳት ብዙው በታወቀና ሊዘጋ ይችል በነበረ ቀዳዳ የገባ ነውና።

ስለሆነም በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች የሚሰጠው ትምህርት በልማድ ግንባታ ላይ ቢመሠረት ይመረጣል። ይኸውም ረዥምና ለየአገልግሎቱ የተለያየ የይለፍ ቃል መያዝ፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠቀም፣ ማሻሻያን በወቅቱ መጫን፣ ያልተጠበቀ መልእክት ሲደርስ ከመክፈት በፊት ላኪውን በሌላ መንገድ መጠየቅ ነው። ከሁሉም በላይ ጥበቃው አንድ ቀን እንደሚሰበር አስቦ የመዝገቡን ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የተቆለፈ ፋይል ቅጂ ያለው ትምህርት ቤት የሥራ ቀናት ቢያጠፋም የተማሪዎቹን ውጤት አያጣም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህም ይሠራል፤ ሆኖም ለተማሪው መጠርጠርን ብቻ ሳይሆን ከጥርጣሬው በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባው ማስተማር የመምህሩ ድርሻ ነው።