ስለ ዕድርና ስለ ማኅበር በአዲስ ከተማ ሰፈር፤ ትንሽ መዋጮ በኅብረት ታላቅ ሥራ እንደሚሠራ

በኦሪት ሥርዓት ኢዮቤልዩ የሚባለው ሃምሳኛው ዓመት ስሙን ያገኘ ከቀንደ መለከቱ ነው። መለከቱ በተነፋ ጊዜ ባሪያው ነፃ ይወጣ፤ ርስቱን የሸጠውም ድኻ ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የደስታ በዓል ብቻ አይደለም፤ ድኻ የሚታሰብበትም በዓል ነው። በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ስለ ሕንፃውና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ሌሎች ሊቃውንት ስለሚጽፉ፣ እኛ በዚህ በመርካቶ ሰፈር ሕዝቡ ችግረኛን የሚረዳበትን የማኅበር ታሪክ በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

ማኅበር የሚለው ስም በግዕዝ ኀበረ ካለው ግስ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ተባበረ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። ምጽዋት ከሰጪ ወደ ተቀባይ ይወርዳል፤ ማኅበር ግን ሰጪውንና ተቀባዩን በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል፤ ዛሬ የሰጠ ነገ ይቀበላልና። አባቶቻችን በየደብሩ ያቆሙት ሰንበቴ በዚህ አሳብ የቆመ ነው፤ ባለ ተራው ዳቦውንና ጠላውን ያመጣል፤ ማኅበርተኛውም ነዳያኑም ከአንድ መሶብ ይካፈላሉ።

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አስቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ለመለየት አስቦ፣ የአገሩን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። መርካቶ የሚለውም ስም በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጠላት ለመለያየት ያቆመውን ስፍራ ግን ሕዝቡ መተባበሪያ አደረገው። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ የመጣ ነጋዴና ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ተራ ተቀመጠ፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድም ዛሬ እንደምናያቸው ጎረቤት ሆነው ቆሙ።

ይሁን እንጂ ለንግድ ከሩቅ የመጣ ሰው በሞት ጊዜ ዘመዱ ሩቅ ነው። ዕድር ያስፈለገ በዚህ ምክንያት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ዕድር በአዲስ አበባ የተጀመረ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ እንደ ሆነ፣ በወረራውም ዘመንና ከዚያ በኋላ እንደ ተስፋፋ ይናገራሉ። ሥርዓቱም እንዲህ ነው። ጎረቤቶች ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ይገዛሉ። ሰው በሞተ ጊዜ ጡሩምባ ይነፋል፤ ወንዱ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቲቱ ንፍሮ ትቀቅላለች፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩበትም ሰፈር ብዙ ነው።

ዳሩ ግን የአንድ ሰፈር ዕድር ኃይሉ በሰፈሩ ያልቃል። ከዚያ የሚበልጥ ሥራ በመጣ ጊዜ ከሌላ ጋር መተባበር ያስፈልጋል። ለዚህም ዋና ምስክራችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቋቋሙት የመንገድ ሥራ ማኅበራት ናቸው። በመርካቶ የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች ክረምት በገባ ቁጥር መንገዱ በጭቃ ይዘጋባቸው ነበር፤ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም፣ እህልም ወደ ገበያ መድረስ ይሳነው ነበር። ስለዚህ አንዱ ማኅበር ከአለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ሊያሠራ ተነሣ፤ ሌላው፣ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ የመሩት፣ ለሰባት ቤት ጉራጌ አገር መንገድ ደከመ። ከከተማም ከገጠርም ገንዘብ ሰበሰቡ፤ ከአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣንም ጋር ተዋዋሉ። የሶዶው መስመር በብዙ ሕዝብ አገር የሚያልፍ ስለ ሆነ የክስታኔው፣ የመስቃኑ፣ የስልጤው፣ የሀዲያውና የወላይታው ሰው ሁሉ የማኅበሩ አባል ሆነ። ከዚህም ሥራ የተነሣ ኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት የተባለው ቆመ፤ አሳቡም ከመንገድ አልፎ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ደረሰ።

ሕዝቡ ገንዘቡንና ፈቃዱን አመጣ፤ መሥሪያ ቤቱም የመንገድ ሥራ ዕውቀቱን አመጣ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለ ሞላ ሥራው ጸና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ምስክር በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሆነው ነው። የኤድስ ሕመም በከተማይቱ በበረታ ጊዜ የወጣቶች ሞት በዛ፤ ለሽማግሌ ቀብር ታስቦ የተሰበሰበውም ገንዘብ ይራቆት ጀመር። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ አያሌ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ከሙታን አልፈው ሕያዋንንም ለመርዳት ተስማሙ፤ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ጋር ተባብረው ሕሙማንን ይጠይቁ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት ይረዱ ጀመር። ድርጅቱ ገንዘብና መድኃኒት ነበረው፤ ነገር ግን የትኛው ቤት ሕመምተኛ እንዳለ አያውቅም። ዕድሩ ቤቱን ያውቃል፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ እርዳታው በሩን አገኘ።

ከዚህ ቀጥሎ ሳንሸሽግ ልንናገረው የሚገባ ነገር አለ። ዕድር የሚረዳ መዋጮውን የከፈለውን ሰው ነው። ወር ከወር የሚያዋጣው ያጣ፣ ቤት ተከራይቶ ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ተሸካሚ፣ በየበረንዳው የሚያድር ልጅ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ከሁሉ ይልቅ ኅብረት የሚያስፈልገው ሰው ኅብረት የሌለው ሆነ ማለት ነው። ደግሞም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ የብዙ ነጋዴ ሀብት እንደ ጠፋ አይተናል። ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ የተቃጠለ ሱቅ መልሶ ሊያቆም አይችልም፤ የአንድ ሰፈር ዕድርም ብቻውን ይህን ሸክም አይችለውም።

ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት ለካህናቱና ለምእመናኑ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ ሰበካ ጉባኤው በየዕድሩ መዋጮ መክፈል ያቃታቸውን ሰዎች ስም ከዕድር ጸሐፊዎች ተቀብሎ፣ ከሙዳየ ምጽዋቱ ጥቂቱን ለይቶ ይክፈልላቸው፤ ስማቸውም ከመዝገብ አይፋቅ። ሁለተኛ፣ የሰፈሩ ዕድሮች፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ እንደ እሳት ላለ ድንገተኛ መከራ የሚሆን አንድ የጋራ ገንዘብ ያቁሙ። ሦስተኛ፣ ከውጭ ከሚመጣ ረጂ ጋር ሲዋዋሉ ማን ምን እንደሚያመጣ፣ ሒሳቡንም ማን እንደሚመረምር አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ መተማመን በሒሳብ ሲደገፍ ይበረታልና።

በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው ጣራውን ነድለው ያወረዱት ሰዎች አራት ነበሩ። ከአራቱ አንዱ አልጋውን ቢለቅ ሕመምተኛው ከመንገድ በቀረ ነበር። በመርካቶም የተኛ ሕመምተኛ፣ የተቃጠለበት ነጋዴ፣ መዋጮ ያጣ ተሸካሚ አለ። አልጋው አንድ ነው፤ ማዕዘኑ አራት ነው። ቤተ ክርስቲያን አንዱን ማዕዘን ትያዝ፤ ለቀሩት ሦስቱም ጎረቤቶቿን ትጥራ።