የታመመ ዛጎል

ጎብዬ ላይ ቆማችሁ ዙሪያውን ብትቃኙ ተራራው ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ስለሆነ ዛጎል አትፈልጉበት። ጥንታዊውን ባሕር የፈለገ ሰው ወደ ሰሜን፣ ማይጨውን አልፎ እስከ ሕንጣሎ መሄድ አለበት። እዚያ ያለው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር።

ይህን ድንጋይ ለዓለም ያስተዋወቀው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ከእኛ ቆላ በላይ ባለው ደጋ፣ በአሸንጌ በኩል ወደ መቅደላ ሲያልፍ እሱ ድንጋይ ይለቅም ነበር። (እስረኞች ሊያስፈታ የሚዘምት ጦር ድንጋይ ለቃሚ ማስከተሉ እስካሁን ይገርመናል!) እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ድንጋዩን በአንታሎ ስም ጠራው፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ።

ታዲያ የዚያ ዘመን ለቃሚ የሚወደው ደህናዋን ዛጎል ነው። የድንጋዩን ዕድሜ የምትነግረው እሷ ናታ። ጠማማዋ ትጣላለች፤ ባስ ሲልም “አዲስ ዝርያ” ተብላ ስም ይወጣላታል። ቴዎዶር ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ግን እ.ኤ.አ. በ1894 ስለ ታመሙ አሞናይቶች ብቻ ጻፈ። አሞናይት ጥምዝ ቅርፊት የነበረው፣ ዘሩ የጠፋ የኦክቶፐስ ዘመድ ነው።

በሽታው እንዴት ይታወቃል? ጥፍራችሁን አስቡ። ሥሩ ከተጎዳ ከዚያ ወዲያ የሚበቅለው ጎድጉዶ ይወጣል። ዛጎልም እንደዚሁ ነው፤ ቅርፊቱን የሚሠራው ሥጋ በጠላት ሲነከስ መስመሩ ይሰበራል፣ ከዚያ ተጣሞ ይቀጥላል። መቀጠሉ ነው ቁም ነገሩ፤ እንስሳው ቆስሎም ኖሯል ማለት ነው። አንዳንዱ ጉድለት ደግሞ ከቁስል ሳይሆን ከዕድገት የመጣ ነው። አካሏ አምስት ቦታ የሚከፈለው የባሕር ጃርት አልፎ አልፎ አራት ወይም ስድስት ሆና ትገኛለች።

ግን ጠማማ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። በአንድ ንብርብር ያሉት ዛጎሎች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከተጨፈለቁ፣ ያጣመማቸው ከሞቱ በኋላ የተጫናቸው ድንጋይ ነው። ይህን ለመለየት አንዲት ዛጎል አትበቃም፤ ጎረቤቶቿን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ቆንጆዋን ብቻ መርጦ በኪሱ ይዞ የሚመለስ ተማሪ እንግዲህ ይህን ከምን ሊያነብ ነው?