ወንበሩ የማን ነው? የኤድመንተን የሆኪ ደጋፊዎችና የሹመት ክርክር ታሪክ



የዛሬው ገለጻዬ ርእሰ ጉዳይ ከዚህ አዳራሽ እጅግ ርቆ የሚገኝ ነው። በምዕራብ ካናዳ፣ በአልበርታ ክፍለ ግዛት፣ ኤድመንተን በተባለችው ከተማ «ኦይለርስ» የሚባል የበረዶ ሆኪ ክለብ አለ። የዚህ ክለብ ደጋፊዎች ክለባቸውን ማን ይምራው፣ ቡድኑስ በምን ስልት ይገንባ በሚሉ ጥያቄዎች ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። ይህን ክርክር እንደ ስፖርት ወሬ ሳይሆን እንደ ታሪክ ሰነድ እንድንመለከተው እጠይቃለሁ። ምክንያቱም በውስጡ ያለው ጥያቄ የቆየና ለሁላችንም ቅርብ የሆነ ጥያቄ ነው፤ ሹመት የሚገባው በአገልግሎት ነው፣ በዝምድና ነው፣ በዕውቀት ነው ወይስ በውጤት? የሚሾመውን ሰው የመምረጥ ሥልጣን የሌለው ሕዝብስ ስለ ሹመቱ የሚናገረው ቃል ምን ዋጋ አለው? በገለጻው የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አድማጭ ጥቂት ልበል። የበረዶ ሆኪ ለእኛው የገና ጨዋታ የሩቅ ዘመድ ይመስላል። በሁለቱም ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፤ በሁለቱም ወደ ተቃራኒው ወገን የሚገፋ ነገር አለ። በገና የሚመታው ሩር ሲሆን በሆኪ የሚመታው ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ክብና ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ተጫዋቾቹም ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅም ሌላም መመሳሰል አለ። በገና ሜዳ ላይ የጌታና የሎሌ ልዩነት ለአንድ ቀን ይላላ እንደነበረ፣ ታናሹም ታላቁን በነጻነት ይተርብ እንደነበረ እናውቃለን። የሆኪ ደጋፊም በባለጸጋው ባለቤት ላይ የሚናገረው በዚሁ ዓይነት ፈቃድ ነው። ቃሉ ይሰማል፤ ሹመቱን ግን አይሽርም።

ክለቡ በ1972 መጫወት ጀምሮ በ1979 ወደ ብሔራዊው የሆኪ ሊግ ገባ። በግሌን ሳዘር አሰልጣኝነትና ሥራ አስኪያጅነት፣ በዌይን ግሬትዝኪ ድንቅ ችሎታም እየተመራ በ1984፣ በ1985፣ በ1987 እና በ1988 የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ። ይሁን እንጂ ነሐሴ 9 ቀን 1988 የክለቡ ባለቤት ፒተር ፖክሊንግተን ግሬትዝኪን ለሎስ አንጀለስ አሳልፎ ሰጠ። በምላሹ ተጫዋቾች፣ የወደፊት የምርጫ ዕድሎችና 15 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተቀበለ። የአገሪቱ የፓርላማ አባል ኔልሰን ሪስ መንግሥት ልውውጡን እንዲያግድ እስከ መጠየቅ ደረሱ። መንግሥት አላገደም። ቡድኑ በ1990 ያለ ግሬትዝኪ አምስተኛውን ዋንጫ ቢያነሣም፣ ደጋፊው ከዚያ ነሐሴ ያገኘው ትምህርት አልተረሳም፤ «የእኛ» የሚለው ክለብ በሕግ የአንድ ሰው ንብረት ነው።

ይህ ትምህርት በ1998 ሌላ መልክ ያዘ። ክለቡ ወደ ሂውስተን ሊወሰድ በተቃረበበት ጊዜ የአካባቢው ባለሀብቶች በማኅበር ገንዘብ አዋጥተው ገዙት። በ2008 ደግሞ በመድኃኒት መደብሮች ሀብት ያፈራው የኤድመንተን ተወላጅ ዳሪል ካትዝ ጠቅልሎ ያዘው። ለክለቡ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት የከተማው ምክር ቤት የሕዝብ ገንዘብ መደበ። ድርድሩ በተጓተተበት በመስከረም 2012 ካትዝ በሲያትል ከተማ መታየቱ ክለቡን ይወስደዋል የሚል ቁጣ ቀሰቀሰና ባለቤቱ በጋዜጣ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። ስታዲየሙ በ2016 ተከፈተ። እንግዲህ ደጋፊው በአንድ በኩል ትኬት ገዢ፣ በሌላ በኩል ግብር ከፋይ ሆነ። ስለ ሹመት የመናገር መብቱን የሚያስረዳውም ከዚያ ወዲህ በፍቅር ብቻ ሳይሆን በከፈለው ገንዘብ ጭምር ነበር።

አሁን ወደ ሹመቶቹ ልግባ። ሳዘር በ2000 ሲለቅ የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር የያዘው ኬቨን ሎው ነበር። ሎው በ1979 ክለቡ በሊጉ የምርጫ ሥርዓት የመረጠው የመጀመሪያ ተጫዋች፣ በአምስቱም ዋንጫዎች የተሳተፈ ጀግና ነው። አሰልጣኝነቱን የያዘው ክሬግ ማክታቪሽም የዚያው የዋንጫ ዘመን ባለውለታ ነበር። በ2006 ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ በካሮላይና ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የድርቅ ዘመን ነው። ከሠላሳ ክለቦች አሥራ ስድስቱ ወደ ጥሎ ማለፉ በሚያልፉበት ሊግ ውስጥ ኤድመንተን አሥር ተከታታይ የውድድር ዘመናት ከደጅ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ሎው ከኃላፊነት አልወረደም፤ በ2008 ወደ ፕሬዚዳንትነት ከፍ አለ። ከውጭ የመጣው ስቲቭ ታምበሊኒ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በሚያዝያ 2013 እሱ ሲሰናበት ወንበሩ ወደ ማክታቪሽ ተመለሰ። ደጋፊዎች ይህን ሥርዓት «የድሮ ጓደኞች ማኅበር» ብለው ጠሩት። በእኛ አነጋገር «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» እንደ ማለት ነው። በዚያው ዕለት በተሰጠው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ሎው ትኬት የሚገዛውን ደጋፊ ከሌላው ለይቶ የሚያነሣ ቃል በመናገሩ ቁጣው ባሰ። መጋቢት 22 ቀን 2014 ቡድኑ በሜዳው በካልጋሪ 8 ለ 1 ሲሸነፍ አንድ ደጋፊ ማሊያውን በበረዶው ላይ ወረወረ፤ ግብ ጠባቂው ቤን ስክሪቨንስም አንሥቶ መልሶ ወረወረው። ይህች ትንሽ ድርጊት ክርክሩ የደረሰበትን ደረጃ ታሳያለች። ደጋፊው ማሊያውን ሲጥል ለአስተዳደሩ የላከውን መልእክት የተቀበለው ሹመት የሌለው ተጫዋች ነበር።

እዚህ ላይ ለአስተዳደሩ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። የቀድሞ ተጫዋችን መሾም ምክንያት የለሽ አልነበረም። ጨዋታውን ከውስጥ ያውቃል፤ ከተማውን ይወዳል፤ በባለቤቱም ዘንድ ይታመናል። ትንሽ ከተማ ትልልቅ ተጫዋቾችን ይዞ ማቆየት አስቸጋሪ እንደነበረም አይካድም። ከ2005 ጀምሮ ግን ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ደነገገ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ቡድን 39 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ «ገንዘብ አነሰን» የሚለው ምክንያት ጉልበቱ ተዳከመ፤ ሁሉም በተመሳሳይ ጣሪያ ሥር ሲወዳደር ልዩነቱን የሚፈጥረው የሚያወጣው ሰው ማስተዋል ነውና። የሥራ አስኪያጅ ሹመት የክርክሩ ማዕከል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የቡድን ግንባታ መንገድ የወጣቶች ምርጫ ነበር። በሊጉ ደንብ ደካማ ውጤት ያመጣ ክለብ ከፍ ያለ የምርጫ ዕድል ያገኛል። ኤድመንተን በ2010 ቴይለር ሆልን፣ በ2011 ራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስን፣ በ2012 ናይል ያኩፖቭን በአንደኛነት መረጠ። ብዙው ደጋፊ ይህን በተስፋ ተቀብሎት እንደነበረ መዘንጋት የለበትም፤ መሸነፍ ራሱ ወደ ድል የሚያደርስ ዕቅድ መስሎ ታየው። ዓመታት አልፈው ጥሎ ማለፉ ሲርቅ ግን ተስፋው ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ወጣቶቹን የሚደግፍ የበሰለ ተከላካይና አስተማማኝ ግብ ጠባቂ ሳይኖር ችሎታ ብቻውን ቡድን እንደማይሆን ታወቀ።

ከዚሁ የድርቅ ዘመን ውስጥ አንድ ያልተጠበቀ ፍሬ በቀለ። አንዳንድ ደጋፊዎች «ቡድኑ መጥፎ ነው» ማለት ብቻ ስላልበቃቸው መቁጠር ጀመሩ። ቪክ ፌራሪ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረው ቲም ባርንስ የተባለው የኤድመንተን ደጋፊ፣ አንድ ቡድን ወደ ግብ የሞከራቸውን ምቶች ሁሉ ግብ ጠባቂው ያዳናቸውን፣ የሳቱትንና በተከላካይ የታገዱትን ጭምር መደመር የጨዋታን የበላይነት እንደሚያሳይ አስረዳ። ስሌቱን በአንድ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ስም «ኮርሲ» አለው። አመክንዮው ቀላል ነው፤ ግብ ጥቂት ስለሆነ ዕድል ያዛባዋል፤ ሙከራ ግን ብዙ ስለሆነ እውነቱን ቶሎ ይገልጣል። በ2014 ዋሽንግተን ባርንስን ቀጠረው። በዚያው ዓመት ኤድመንተን ራሱ ለረጅም ጊዜ ሲተቸው የኖረውን ጠበቃ ታይለር ዴሎውን አስገባ። ከደጅ ሆኖ ይጮኽ የነበረው ወደ ውስጥ ተጠራ ማለት ነው። ሆኖም መጠራትና መሰማት አንድ አይደሉም፤ ውሳኔው አሁንም በወንበሩ ላይ በተቀመጠው ሰው እጅ ነበር።

በሚያዝያ 2015 ዕጣው ለኤድመንተን ወጣና ኮነር ማክዴቪድን የመምረጥ መብት አገኘ። በዚያው ወር ቦስተንን ለ2011 ዋንጫ ያበቃው ፒተር ቺያሬሊ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመ። ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ከውጭ የመጣ፣ ዋንጫ ያየ» ብሎ ተደሰተ። ሌላው በ2013 በቦስተን ሳለ ታይለር ሴጊንን አሳልፎ መስጠቱን አነሣ። ሴጊን በ2010 ከሆል ቀጥሎ ሁለተኛ የተመረጠው ተጫዋች ነው።

ቀጥሎ የሆነውን መዝገቡ ይናገራል። በ2015 ቺያሬሊ የ16ኛውንና የ33ኛውን ምርጫ ሰጥቶ ግሪፊን ራይንሃርትን አመጣ፤ ሌላኛው ክለብ በ16ኛው ምርጫ ማቲው ባርዛልን ወሰደ። በሰኔ 2016 ደግሞ ሆልን ለተከላካዩ አዳም ላርሰን ለወጠ። ሆል በ2018 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ቺያሬሊ በጥር 2019 ተሰናበተ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ የታሪክ ተማሪም የደጋፊን ትችት በዚህ ሚዛን መመዘን አለበት። ትችቱ ከውጤቱ በፊት ነው የተነገረው ወይስ በኋላ? በሆል ልውውጥ ረገድ ተቃውሞው በዚያው ዕለት ነበር፤ ሽልማቱ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በሌላ በኩል ግን ከልውውጡ በኋላ በነበረው የ2016–17 የውድድር ዘመን ቡድኑ 103 ነጥብ ሰብስቦ የአሥር ዓመቱን ድርቅ ሰበረ፤ ላርሰንም ለዚያ የሚገባውን አድርጓል። ባርዛልን በተመለከተም ኤድመንተን ምርጫውን ይዞ ቢቆይ እሱኑ ይመርጥ ነበር ብሎ ለማለት ማስረጃ የለንም። የጠፋውን ነገር በኋላ በተገኘው ዋጋ መተመን ደጋፊም ሆነ የታሪክ ጸሐፊ በቀላሉ የሚወድቅበት ስሕተት ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ጥያቄውን ከችሎታ ወደ ኅሊና ያሻግረዋል። ከቺያሬሊ በኋላ የመጣው ኬን ሆላንድ በ2024 ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ በፍሎሪዳ ከተሸነፈ በኋላ ለቀቀ። በሐምሌ 2024 ስታን ቦውማን ተሾመ። ቦውማን በቺካጎ በ2010፣ በ2013 እና በ2015 ዋንጫ ያነሣ ሥራ አስኪያጅ ነው። ነገር ግን በ2010 አንድ ተጫዋች በክለቡ የቪዲዮ አሰልጣኝ ላይ ያቀረበውን የወሲባዊ ጥቃት ክስ የቺካጎ አመራር ወዲያውኑ እርምጃ ሳይወስድበት መቅረቱን ገለልተኛ ምርመራ በማጋለጡ በጥቅምት 2021 ከሥራው ለቅቆ ነበር። ሊጉ ወደ ሥራ እንዲመለስ የፈቀደለት ከተሾመበት ወር መጀመሪያ ነው።

በዚህ ሹመት ላይ የተነሣው ክርክር ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ነበር። ቅጣቱን ጨርሷል፣ ሊጉም ፈቅዷል ያሉ ነበሩ። ዋንጫ ብቻ ነው የሚያሳስበኝ ያሉም ነበሩ። ሌሎች ደግሞ «ሥራ አስኪያጅ ማለት ተጫዋች የሚገዛና የሚሸጥ ብቻ አይደለም፤ በሥሩ ያሉትን ወጣቶች ደኅንነት የሚጠብቅ ነው» ሲሉ ተከራከሩ። በእኔ አመለካከት ይህ ሦስተኛው ድምፅ ለአርባ ዓመት ሲካሄድ የኖረውን ክርክር ወደ መሠረቱ መለሰው። በ2000ዎቹ ደጋፊው «ያውቃል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ በ2010ሮቹ «ቆጥሮ ያረጋግጣል ወይ?» አለ፤ በ2024 «ይታመናል ወይ?» አለ። ሦስቱም ጥያቄዎች የአንድ ሹመት መመዘኛዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከዚህ ታሪክ ምን እንወስዳለን? በመጀመሪያ፣ ያለፈ ውለታ ክብር ይገባዋል፤ ክብር ግን ከሹመት ይለያል። ለባለውለታ ሐውልት ማቆም ይቻላል፤ የግሬትዝኪ ሐውልት በኤድመንተን ቆሟል። ወንበር መስጠት ግን ሌላ ሚዛን ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ከውጭ የመጣ ሰው ከውስጥ ካደገው በባሕርዩ አይሻልም፤ ታምበሊኒና ቺያሬሊ ከውጭ የመጡ ነበሩ። በሽታው ከየት መጣህ ሳይሆን ውሳኔህን ማን ይመረምራል የሚለው ጥያቄ መልስ ማጣቱ ነው። ሦስተኛ፣ ሥልጣን የሌለው ሰው ቃል ከንቱ አይደለም። የደጋፊው ጩኸት ማንንም በቀጥታ አልሻረም፤ ሆኖም መመዘኛውን ቀየረ። ዛሬ የምት ሙከራ የማይቆጥር ክለብ በሊጉ ውስጥ የለም፤ ይህ ልማድ ከታነጸባቸው ቦታዎች አንዱ የደጋፊዎች ጠረጴዛ ነው።

ወንበሩ በሕግ የባለቤቱ ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ግን በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይቀር ያደረጉት እነዚያ ድምፅ አልባ ተከራካሪዎች ናቸው። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ ስለሚያስፈልገን እዚህ ላይ አበቃለሁ።