ዜና ልሳነ አዊ

የነገሥታትን ዘመቻና ሹመት የጻፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን የሰባት ቤት አገው ልሳን፣ አዊኛ፣ ከአንከሻና ከባንጃ፣ ከዚገምና ከጓጉሳ ተነሥቶ ከባሕር ማዶ ሊቃውንት ጉባኤ እንዴት እንደ ደረሰ፣ በዚያው በአገው ምድር በአዘና ለሚወለዱ ልጆች መታሰቢያ ይሆን ዘንድ እንጽፋለን።

በዐፄ ሱስንዮስ መንግሥት፣ በ1610 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ጴድሮስ ፓኤዝ የሚባል እስፓኛዊ ካህን ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ወጥቶ በአገው ምድር በሰከላ የግዮንን፣ ማለትም የዓባይን፣ ምንጭ አየ። በዚያም ዘመን ነገሥታት በአገው ላይ ደጋግመው ይዘምቱ ነበር። ጸሐፊዎቻቸውም ዘመቻውንና ምርኮውን መዘገቡ፤ የባላገሩን ንግግር ግን በጽሑፍ አላኖሩም።

በ1763 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጀምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ወደዚያው ምንጭ መጣ። የአገው ሰዎች በተራ እየሆኑ ከብት፣ ማርና ቅቤ ወደ ጎንደር እንደሚያወርዱ ጻፈ። መኃልየ መኃልይንም በዳሞት አገው ቋንቋ፣ ማለትም በዚሁ በአዊኛ፣ አስተረጎመ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ያ ትርጉም ዛሬ በኦክስፎርድ፣ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከዚህም በኋላ በዘመነ መሳፍንት፣ ደጃች ጎሹ በዳሞትና በጎጃም ሳሉ፣ ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ በአገው ምድር ተመላለሰ፤ የአገውንም ቃላት ከሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች ጋር ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1845 በለንደን አሳተመ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ከመንገደኞች ማስታወሻ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ገባ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ፍራንክ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1959 የአዊኛን ግሥ በየወገኑ ለይቶ ጻፈ። ሮበርት ሄትስሮን ደግሞ በቡዳፔስት ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1956ቱ የሀንጋሪ አመፅ በኋላ ሀገሩን ለቆ የወጣ ሰው ነበር። እርሱም ኢትዮጵያ መጥቶ አዊኛን ከባለቤቶቹ አፍ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ግሡ ሥርዐት አንድ ሙሉ መጽሐፍ በካሊፎርኒያ አወጣ። ዴቪድ አፕልያርድም የአገው ቋንቋዎችን ቃል በቃል አስተያይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከእነዚህም ጥናቶች ብዙ ሊቃውንት የተረዱት፣ አማርኛ ራሱ ከአገው ልሳን እጅግ እንደ ተቀበለ ነው፤ ግሥን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ማኖሩንም ከዚያ ወረሰ ይላሉ።

በሀገር ቤት ደግሞ፣ የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ ብሔረሰብ የራሱን አስተዳደር ባጸና ጊዜ አዊኛ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ወደ ሕፃናት ትምህርት ቤት ገባ። በ2010 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በአዊ ምድር የሚገኘው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ።

ከሩቅ መጥተው ለደከሙት ሊቃውንት ምስጋና ይገባቸዋል፤ የአንድን ሕዝብ ንግግር አክብረው ሕጉን መርምረዋልና። ነገር ግን የጻፉት በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ለአዘና ገበሬ ልጅ አልደረሰም። አባቶችና እናቶች ለሊቃውንቱ የነገሯቸው ጥበብ ለልጆቻቸው ሊመለስ ይገባል። ስለዚህ እንጅባራ የተቀመጣችሁ መምህራን ሆይ፣ የሄትስሮንን የግሥ ሥርዐትና የአፕልያርድን መዝገበ ቃላት ወደ አማርኛና ወደ አዊኛ መልሱ፤ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉም ተረታቸውን፣ የሽምግልናቸውን ሥርዐትና የፈረሰኞቻቸውን ፉከራ በገዛ ቋንቋቸው ጻፉ። የልሳኑ ባለቤቶች በሀገራቸው ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ፤ ከለንደንና ከካሊፎርኒያ የሚመጣውም እንግዳ ከእነርሱ እግር ሥር ተቀምጦ ይማር።