ቃጭሉን የፈታው ዳንሰኛ

ስሙኝማ! ዛሬ የማወጋችሁ የአክራም ካንን ነገር ነው።

ሰውየው ከባንግላዲሽ ከመጡ ወላጆች ለንደን ውስጥ በ1974 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሁሉንም እንዲሁ ቁጠሩልኝ) ተወለደ። በሰባት ዓመቱ ከመምህር ፕራታፕ ፓዋር እግር ሥር ቁጭ ብሎ ካታክ የሚባለውን የሰሜን ሕንድ ውዝዋዜ መማር ጀመረ። ቁጭ ብሎ አልኩ እንጂ፣ ካታክስ ቆመው ነው! ወገብ ቀጥ፣ ደረት ቀና፤ ባዶው እግር ወለሉን እየደለቀ ታብላ ከሚባለው ከበሮ ጋር እንካ ስላንትያ ይገጥማል። ቁርጭምጭሚት ላይ ብዙ ቃጭል ተጠምጥሟል። እግር አንዲት ምት ከሳተ ቃጭሉ ወዲያው ያሳብቃል።

ልጁ በዐሥራዎቹ ዕድሜ በአዘጋጁ በፒተር ብሩክ ‹ማሃባራታ› ቴአትር ተጫውቶ አገር ላገር ዞረ። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዘመናዊ ዳንስ ሲማር ግን ጉድ ፈላ። ካታክ ‹ቀጥ በል› ያለውን ገላ፣ አዲሱ ትምህርት ‹ልቀቀው፣ ውደቅ፣ ተንከባለል› ይለው ጀመር። ገላው ተምታታበት። ብዙዎች ‹ምሥራቅና ምዕራብን አዋሐደ› ይሉታል፤ እኔ አይዋጥልኝም። ሁለቱ እዚያው ገላ ውስጥ ሲሟገቱ ነው የምናየው፤ ጣዕሙም ያ ነው።

በ2000 የራሱን ቡድን አቋቋመ። በ2011 ‹ዴሽ› በተባለው ሥራው ምን አደረገ መሰላችሁ? የተላጨ አናቱ ላይ ዓይንና አፍ ሣለ። አንገቱን ሲደፋ እሱ ይጠፋና አናቱ አባቱን ይሆናል፤ አጎንብሶ እየተንቀሳቀሰ፣ እጁን አባቱ እንደሚያወራ እያወናጨፈ። ልጅ ቀና ይላል፣ አባት ይሄዳል።

በ2016 ደግሞ ‹ጂዜል› የተባለውን አንጋፋ የባሌት ዳንስ ለእንግሊዝ ብሔራዊ የባሌት ቡድን እንደ አዲስ ሠራው። የጥንቷ ገበሬ ልጅ የልብስ ፋብሪካ ሥራ ያጣች ስደተኛ ሆነች፤ ባለጸጎቹም ከግዙፍ ግንብ ወዲያ ሆኑ። ለኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ደፋሩ ይሄ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ‹ዜኖስ› መጣ። ለእንግሊዝ ሲል አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ የተማገደው ሕንዳዊ ወታደር ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል፤ አክራም ከነሱ አንዱን፣ ቀድሞ ዳንሰኛ የነበረውን፣ ሆኖ ወጣ። ከእግሩ የፈታው የቃጭል ጥምጥም እጁ ላይ ሰንሰለት ሆነ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን የሚጨፍርበት የመጨረሻ ረጅም ሥራው ይሄ እንዲሆንም ወሰነ፤ ሌሎችን ማስጨፈሩን ግን ቀጠለ።