ዘር የሌለው ተክል በምን ጎተራ ይቀመጣል?

ገበሬ ክፉ ቀንን የተሻገረው ለዘር ያስቀመጠውን እህል ባለመንካት ነው። ጤፍና ገብስ ደርቀው ዓመታት ይቆያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክም ይህንኑ ጥንታዊ ጥበብ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል አሸጋገረው። የኪዋቱሌ ነዋሪ በየገበያው የሚያገኘው ማቶኬ ግን የሚዘራ ፍሬ የለውም። ከእናቱ ሥር በሚወጣ ቡቃያ ይራባል። የአገራችን ገበሬም እንሰትን የሚያባዛው ከአሚቾው በሚፈላው ችግኝ ነው። የዚህ ዓይነት ዝርያ የመጨረሻው ግንድ ከማሳ ከጠፋ የሚመልሰው የለም።

ሥጋቱ ባዶ ግምት አይደለም። እንሰትን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያ ለሳይንስ ዓለም ተገለጸ፤ በ1974 በሙዝ ላይ መገኘቱ ተዘገበ፤ በ2001 ደግሞ እዚሁ ኡጋንዳ፣ በሙኮኖ አውራጃ ታየ። ሁለቱ ሕዝቦች የዕለት ጉርሳቸውን የሚነጥቅ አንድ ጠላት ገጠማቸው።

የተመራማሪዎች የመጀመሪያ መላ የተክሉን ሕዋሳት በንጹሕ ብልቃጥ ማሳደግ ነበር። ይሁን እንጂ ምግባቸውን በየጊዜው መለወጥ ያደክማል፤ ሻጋታ ይገባባቸዋል፤ ዘመን በረዘመ ቁጥርም ጠባያቸው ይለወጣል። ትናንት የተጠናው ሕዋስ ነገ ያው ካልሆነ ምርምሩ መሠረት ያጣል። ስለዚህ ዕድገታቸውን በብርድ ማስቆም ታሰበ።

ችግሩ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውኃ ነው፤ በረዶ ሲሆን የሕዋሱን ሽፋን ይበጣጥሳል። እ.ኤ.አ. በ1949 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ግሊሰሮል የእንስሳትን የዘር ሕዋስ ከዚህ ጉዳት እንደሚጠብቅ አስታወቁ። በ1973 ደግሞ ናግና ስትሪት የካሮት ሕዋሳትን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን አቆይተው፣ ካቀለጧቸው በኋላ እንደገና አበቀሏቸው። በ1990 ጃፓናዊው አኪራ ሳካይና ባልደረቦቹ ውኃው በረዶ ሳይሠራ እንደ መስተዋት የሚረጋበትን ውሕድ አቀረቡ።

ይህ ጥበብ ለሙዝም ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1985 በቤልጂየም፣ ሉቨን የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሙዝ ስብስብ ከ1,000 በላይ ዝርያዎችን በፈሳሽ ናይትሮጅን አኑሯል። እዚህ ካምፓላ አጠገብ፣ በቦምቦ መንገድ በሚገኘው የካዋንዳ የምርምር ተቋምም የሙዝ ችግኝ በብልቃጥ ይባዛል።

ብርድ ግን የሚያቆየው ቀድሞ የተሰበሰበውን ብቻ ነው። የትኛው እንሰት ለቡላ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛውስ ለመድኃኒት እንደሚሆን የምታውቀው ከጓሮዋ የምትውለው እናት ናት። ዕውቀቷ ከዝርያው ጋር ካልተመዘገበ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ከናይትሮጅኑ የሚወጣው ተክል ሕይወት ይኖረዋል እንጂ ስምና ታሪክ አይኖረውም።